መውቂያው ከአጨዳ በፊት እንዲደርስ፡ የፋብሪካ ዋና የምርት መርሐ ግብር እንዴት ይሠራል?

ባሕር ዳር፡ ጤፍ በኅዳር ይታጨዳል፤ ነዶው ይከመራል፤ ዐውድማውም ይዘጋጃል። ለዚሁ ሥራ የታዘዘ የሰብል መውቂያ ማሽን የካቲት ላይ ቢደርስ ለዚያ ዓመት ከተከመረ ብረት አይለይም። አርሶ አደሩ እህሉን በበሬ አበራይቶ ጎተራ ካስገባ ሰንብቷል። ማሽኑን ያዘዘው ማኅበር የከፈለው ቀብድም እስከ ቀጣዩ መኸር ድረስ ያለ ሥራ ይቀመጣል።

አምራቹ ለምን እንደዘገየ ሲጠየቅ ምክንያት አያጣም። ኩሽኔታው ከውጭ በጊዜ አልገባም፤ መብራት ተቋርጧል፤ በያጁ ሥራ ለቋል። ሁሉም እውነት ሊሆን ይችላል። ይሁንና ከእነዚህ ምክንያቶች ጀርባ ብዙ ጊዜ ሌላ ጉድለት ይገኛል። የትኛው ማሽን፣ በምን ያህል ብዛት፣ በየትኛው ሳምንት ተጠናቅቆ እንደሚወጣ አስቀድሞ የተጻፈ ነገር የለም። ወይም ተጽፏል፤ የተጻፈው ግን ፋብሪካው የሚችለው ሳይሆን የሚመኘው ነው።

ይህ ጽሑፍ በኢንዱስትሪ ቋንቋ ዋና የምርት መርሐ ግብር ይባላል። ዓመታዊ ዕቅድ አይደለም። ዓመታዊ ዕቅድ "በዚህ ዓመት ይህን ያህል መውቂያ እናመርታለን" ብሎ ያበቃል፤ ገዢው ግን ዓመት አይገዛም፤ በአንድ የታወቀ ቀን የሚረከበውን ዕቃ ነው የሚገዛው። ለሠራተኛው በየጠዋቱ የሚሰጥ የሥራ ድልድልም አይደለም። በሁለቱ መካከል ያለ ሰነድ ነው። የሽያጭ ክፍሉ ከደንበኛ የሚሰማውን፣ የምርት ክፍሉ የሚችለውን፣ የግዥ ክፍሉ ሊያቀርብ የሚችለውን በአንድ ገጽ ላይ አስታርቆ በሳምንት በሳምንት ከፋፍሎ ያስቀምጣል። ሦስቱ ክፍሎች በተለያየ ወረቀት የሚሠሩ ከሆነ እያንዳንዳቸው ትክክል ሆነው ፋብሪካው በጠቅላላ ሊሳሳት ይችላል።

ነገሩ ለሀገሬው እንግዳ አይደለም። በጥር ሠርግ ያለበት ቤት የሚያደርገውን ማየት ይበቃል። ቀኑ ተቆርጧል። የእንግዳው ቁጥር ግን ግምት ነው፤ ሁለት መቶ ተጠርቶ ሁለት መቶ ሃምሳ ሊመጣ ይችላል። አንድ ጊዜ ቁጥሩ ከተወሰነ በኋላ ግን በርበሬው፣ ሽንኩርቱ፣ የጤፉ ዱቄት፣ የጠላው ጌሾና ብቅል ግምት አይደሉም፤ ስሌት ናቸው። ለዚህን ያህል ሰው ይህን ያህል እንስራ ጠላ፣ ለዚህን ያህል እንስራ ይህን ያህል ብቅል እየተባለ ይወርዳል። ቀኑም ወደ ኋላ ይቆጠራል። በርበሬው ተቀንጥሶ፣ ደርቆ፣ ተደልዞ ይፈጫልና ቀድሞ ይጀመራል፤ ብቅሉም ጠላው ከመጠንሰሱ በፊት ተዘፍዝፎ፣ በቅሎና ደርቆ መገኘት አለበት፤ እንጀራው ግን በዋዜማው ይጋገራል። የሠርጉ እናት ይህን ስታደርግ ወረቀት አልያዘችም፤ የምትሠራው ሥራ ግን የፋብሪካው ዕቅድ አውጪ ከሚሠራው የተለየ አይደለም።

በዚህ ውስጥ ያለው ልዩነት፣ ማለትም በሚገመተው የእንግዳ ቁጥርና በሚሰላው የበርበሬ መጠን መካከል ያለው ልዩነት፣ በፋብሪካዎች ዓለም ዘግይቶ ነው ተገቢውን ቦታ ያገኘው። ታሪኩ ደግሞ ከእርሻ መሣሪያ ጋር ይያያዛል። ጀሮም ኬዝ የተባለ አሜሪካዊ እ.አ.አ በ1842 በዊስኮንሲን የመውቂያ ማሽን ሥራ ጀመረ። ድርጅቱ ከጊዜ በኋላ በእንፋሎት ሞተርና በትራክተር የታወቀ ሆነ። እ.አ.አ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በዚህ ድርጅት ውስጥ ይሠራ የነበረው የቼኮዝሎቫኪያ ተወላጁ ጆሴፍ ኦርሊኪ አንድ ጥያቄ ያብሰለስል ነበር። ትራክተር በብዙ ሺህ ክፍሎች ይገጣጠማል፤ ፋብሪካዎች ግን እያንዳንዱን ክፍል ለብቻው እያዩ፣ ክምችቱ ከተወሰነ መስመር በታች ሲወርድ ያዝዙ ነበር። መጋዘኑ ሙሉ ሆኖ ሳለ ገጣጣሚው ግን ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጎድለዋል። ለምን?

መልሱ በቀላል ሒሳብ ይታያል። አንድ ክፍል በተፈለገበት ጊዜ ከ100 ጊዜ 95ቱን መጋዘን ውስጥ የሚገኝ ከሆነ ጥሩ አያያዝ ይመስላል። ማሽኑ እንዲህ ያሉ 10 ክፍሎች የሚፈልግ ከሆነ ግን ዐሥሩም በአንድ ጊዜ ተሟልተው የሚገኙት ከ100 ጊዜ 60 ያህሉን ብቻ ነው። ክፍሎቹ 20 ከሆኑ ወደ 36 ይወርዳል። ዘጠኙ ተገኝተው ዐሥረኛው ከጠፋ ደግሞ ማሽኑ አይወጣም፤ ዘጠኙም በከንቱ የታሰረ ገንዘብ ናቸው። ስለዚህ የክፍሎቹ ፍላጎት መገመት የለበትም፤ ከሚወጣው ማሽን ቁጥርና ቀን ተነሥቶ መሰላት አለበት። ኦርሊኪ ወደ አይቢኤም ኩባንያ ከተሸጋገረ በኋላ ይህን አስተሳሰብ እ.አ.አ በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ በሰፊው አብራርቶታል። ጆርጅ ፕሎስልና ኦሊቨር ዋይት ከተባሉ ባልደረቦቹ ጋር ሆኖም እ.አ.አ በ1957 በተመሠረተው የአሜሪካ የምርትና የክምችት ቁጥጥር ማኅበር አማካይነት በ1970ዎቹ አሠራሩን ለብዙ ፋብሪካዎች አስተዋወቁ።

ኮምፒዩተሩ የዚህን ስሌት ድካም አቃለለ። ስሌቱ የሚነሣው ግን ምንጊዜም ከአንድ ገጽ፣ ከዋናው መርሐ ግብር ነው። ያ ገጽ ሐሰት ከሆነ ማሽኑ ሐሰቱን ወደ ሺህ ክፍሎች አባዝቶ ያወጣዋል።

አሠራሩን በቁጥር ለማየት አንድ መውቂያ የሚሠራ ወርክሾፕ በምሳሌነት ይወሰድ፤ ቁጥሮቹ ለማስረዳት የተመረጡ ናቸው። ከጥቅምት 4 የሚጀምሩ ስድስት ሳምንታት አሉት። መጋዘኑ ውስጥ 12 የተጠናቀቁ ማሽኖች አሉ። የሽያጭ ክፍሉ በየሳምንቱ 10 ይሸጣል ብሎ ገምቷል። ወርክሾፑ በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ 20 ማሽን በአንድ ዙር ያጠናቅቃል፤ በሁለተኛው፣ በአራተኛውና በስድስተኛው ሳምንት ማለት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ከ12ቱ 10 ሲሸጥ 2 ይቀራል። በሁለተኛው 20 ገብቶ 10 ሲወጣ 12 ይሆናል። በሦስተኛው 2፣ በአራተኛው 12 እያለ ይቀጥላል። ከዜሮ በታች የሚወርድበት ሳምንት የለም። በወረቀት ላይ ሁሉም ነገር ሰላም ነው።

ጥሩ ዕቅድ አውጪ እዚህ ላይ አይቆምም፤ ወደ ብየዳው ክፍል ይሄዳል። አንድ መውቂያ 14 ሰዓት ብየዳ ይፈልጋል እንበል። በሳምንት 10 ማሽን ለማውጣት 140 ሰዓት ያስፈልጋል። አራት በያጆች በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን ስምንት ሰዓት ቢሠሩ 160 ሰዓት ይሆናል፤ ይተርፋል። ነገር ግን በሳምንት አንድ ቀን መብራት የሚጠፋበት አካባቢ ከሆነ 32 ሰዓት ይቀነሳል፤ የሚቀረው 128 ነው። 128 ሰዓት ዘጠኝ ማሽን እንጂ ዐሥር አያወጣም። በሁለት ሳምንት የሚጠናቀቀው ዙር 20 ሳይሆን 18 ይሆናል ማለት ነው። ያንኑ ሒሳብ በ18 ደግሞ ማስላት ነው፤ በአምስተኛው ሳምንት ሁለት ደንበኞች ማሽን ሳያገኙ ይመለሳሉ። አምስተኛው ሳምንት ደግሞ የኅዳር መግቢያ፣ አጨዳው የሚደርስበት ጊዜ ነው።

ይህን በጥቅምት 4 ያወቀ ባለቤት ምርጫ አለው። ለአራቱ በያጆች ቅዳሜ ቅዳሜ የሦስት ሦስት ሰዓት ትርፍ ሥራ ከፍሎ 12 ሰዓት ቢጨምር 140 ይሞላል። ወይም ጀኔሬተር ይከራያል። ወይም ለሁለቱ ደንበኞች ከአሁኑ "ከኅዳር 8 በኋላ ነው የምንደርስላችሁ" ይላቸዋል፤ እነርሱም ሌላ ማሽን ይከራያሉ። በኅዳር 5 ያወቀ ባለቤት ግን ከይቅርታ በቀር የሚሰጠው የለውም። በብዙ ፋብሪካዎች የሚታየው በሽታ ሦስተኛው ዓይነት ነው፤ ዘጠኝ ብቻ እንደሚቻል እየታወቀ "ሠራተኛው እንዲበረታ" በሚል ሰሌዳው ላይ ዐሥር ወይም ዐሥራ ሁለት ይጻፋል። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ሰሌዳውን የሚያምን ሠራተኛ አይኖርም። የትኛው ማሽን መቅደም እንዳለበት የሚወስነው ሰሌዳው መሆኑ ይቀርና ከሁሉ አብልጦ የሚጮህ ደንበኛ ይሆናል።

የቅዳሜው ትርፍ ሥራ ተፈቅዶ 20ው እውነተኛ ቁጥር ሆነ እንበል። አሁን ገዢውን በቀጥታ ወደሚነካው ነጥብ ይደረሳል። እስካሁን ቀብድ የከፈሉ ደንበኞች በመጀመሪያው ሳምንት 8፣ በሁለተኛው 9፣ በሦስተኛው 7፣ በአራተኛው 6፣ በአምስተኛው 2 ማሽን ለመረከብ ተመዝግበዋል። አንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር መጥቶ "በሦስተኛው ሳምንት 15 ማሽን እንፈልጋለን" ይላል። ሻጩ ምን ይመልስ?

ግዴለሽ ሻጭ መጋዘኑን ያያል። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ 12ቱና አዲሱ 20 ተደምረው፣ 8ና 9 ወጥተው፣ በመጋዘኑ ውስጥ በትክክል 15 ማሽን ይቆማል። "አለ" ብሎ ቀብዱን ይቀበላል። ዕቃው በዓይን ስለሚታይ ሻጩ አልዋሸም። ሆኖም ከ15ቱ ሰባቱ በሦስተኛው ሳምንት ለሚረከቡ ሌሎች ደንበኞች የተሸጡ ናቸው። አዲሱ ማኅበር 15ቱን ጭኖ ከሄደ ባዶ እጃቸውን የሚመለሱት ቀድመው የከፈሉት ሰባቱ ናቸው።

ጠንቃቃው ሻጭ የሚያሰላው ቃል ያልተገባበትን መጠን ነው። መጋዘን ካለው 12 የመጀመሪያው ሳምንት 8 ሲቀነስ 4 ነጻ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ከሚወጣው 20 ደግሞ እስከ ቀጣዩ ዙር ድረስ የተሸጡት 9ና 7 ሲቀነሱ 4 ነጻ ይሆናል። ድምሩ 8 ነው። በአራተኛው ሳምንት ከሚወጣው 20 የተሸጡት 6ና 2 ሲቀነሱ 12 ነጻ ነው። ስለዚህ መልሱ "8ቱን በሦስተኛው ሳምንት፣ ቀሪዎቹን 7 በአራተኛው ሳምንት እናስረክባለን" የሚል ነው። ማኅበሩ ላይደሰት ይችላል፤ ግን የሚነገረው ነገር እውነት ነው፤ ጭነት መኪናውንም በዚያው ልክ ያዘጋጃል። የሻጩ መዝገብም በአራተኛው ሳምንት ዙር ላይ የቀረው ነጻ ማሽን 5 መሆኑን ወዲያውኑ ያሳያል። ለዚህ ሁሉ የረቀቀ ሶፍትዌር አያስፈልግም፤ ለእንዲህ ያለ ወርክሾፕ የኤክሴል ገጽ፣ ካልሆነም የግድግዳ ሰሌዳና ጠመኔ ይበቃል።

ወደ ክፍሎቹ ሲመጣ ቆጠራው ወደ ኋላ ይሄዳል። እያንዳንዱ መውቂያ አራት ኩሽኔታ ቢፈልግ ለ20ው ዙር 80 ያስፈልጋል። በመጋዘን 30 ካለ የሚታዘዘው 50 ነው። በስድስተኛው ሳምንት፣ ማለትም እስከ ኅዳር 15፣ የሚጠናቀቀው ዙር መገጣጠም የሚጀምረው ከሁለት ሳምንት በፊት፣ በኅዳር 2 ነው። ኩሽኔታው ከውጭ ታዝዞ፣ ጅቡቲ ደርሶ፣ ጉምሩክ አልፎ ለመግባት 12 ሳምንት ቢወስድ ትዕዛዙ መሰጠት ያለበት ነሐሴ 13 ገደማ ነው። ላሜራና አንግል ብረት ከከተማው ገበያ በሁለት ሳምንት የሚገኝ ከሆነ ጥቅምት አጋማሽ ላይ ይታዘዛል። ቺንጋውም፣ ሞተሩም፣ ቀለሙም የየራሳቸው ቀን አላቸው። ውጭ ሀገር የተሠራ የዕቅድ ሶፍትዌር የሚጠቀም ድርጅት ደግሞ በዚህ ቆጠራ ውስጥ ጳጉሜን እንዳትረሳ መጠንቀቅ አለበት፤ አምስት ቀን ለብየዳው ክፍል ትንሽ ጊዜ አይደለም።

ነሐሴ 13 ላይ ጤፉ ገና ተዘርቶ የበቀለ ቡቃያ ነው። ምን ያህል መውቂያ እንደሚፈለግ በእርግጠኝነት የሚያውቅ የለም። የኩሽኔታው ትዕዛዝ ግን መቆየት አይችልም። መርሐ ግብሩ ወደ ፊት ምን ያህል ርቆ ማየት እንዳለበት የሚወስነውም ይኸው ነው። ከሁሉ ዘግይቶ የሚደርሰው ክፍል የሚወስደው ጊዜና የመገጣጠሚያው ጊዜ ተደምሮ 14 ሳምንት ከሆነ፣ ስድስት ሳምንት ብቻ የሚያይ መርሐ ግብር ዓይኑ ከእግሩ ያጠረ ነው።

ርቆ የሚያይ ዕቅድ ደግሞ መለወጡ አይቀርም። ስለዚህ መርሐ ግብሩ በጊዜ አጥር ይከፈላል። በጣም ቅርብ የሆኑት ሳምንታት የታሰሩ ናቸው፤ ብረቱ ተቆርጧል፣ ክፍሎቹ ወጪ ተደርገዋል፣ በያጁ ሥራ ይዟል፤ ከዋናው ኃላፊ ፈቃድ ውጭ አይነኩም። ቀጥለው ያሉት ሳምንታት ለድርድር ክፍት ናቸው፤ የክፍሎቹ መጠን እስከተሟላ ድረስ የስንዴ መውቂያው ቀርቶ የበቆሎ መፈልፈያው ይቅደም ሊባል ይችላል። ከዚያ ወዲያ ያሉት ሳምንታት ነጻ ናቸው፤ አዲስ የሽያጭ መረጃ በመጣ ቁጥር ይስተካከላሉ።

ይህን አጥር ከሁሉ አብልጦ የሚያፈርሰው የስልክ ጥሪ ነው። አንድ ትልቅ ደንበኛ ወይም ኃላፊ ደውሎ "ይችን አንዷን ብቻ አስቀድሙልን" ይላል። አንዷ ማሽን ቀላል ትመስላለች። ነገር ግን እርሷን ለማስቀደም በሥራ ላይ ያለው ዙር ይቆማል፤ የመቁረጫው ልክ ይቀየራል፤ ለሌላ ማሽን የተቆጠሩ ኩሽኔታዎች ይወሰዳሉ፤ ቀኑ ሲያልቅ አንዷ ወጥታ ሦስቱ ዘግይተዋል። ሦስቱን ያዘዙት አርሶ አደሮች ግን የሚደውሉበት ስልክ ቁጥር የላቸውም። አጥሩ ሲታይ ግትርነት ይመስላል፤ የሚጠብቀው ግን ወረፋውን አምኖ ቤቱ የተቀመጠውን ሰው ነው።

እስካሁን የተባለው ሁሉ ብዙ ክፍል ገጣጥሞ አንድ ዕቃ ስለሚያወጣ ፋብሪካ ነው። የግብርና ምርት የሚያቀነባብር ፋብሪካ ነገሩ ይገለበጥበታል። በጎንደር፣ በደብረ ብርሃንና በአሰላ ያሉት የብቅል ፋብሪካዎች ዋና ግብዓታቸው አንድ ነው፤ ገብስ። ገብሱ በክረምቱ ተዘርቶ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ይሰበሰባል፤ ቢራ ፋብሪካው ግን ብቅል የሚፈልገው ዐሥራ ሦስቱንም ወር ነው። አሠራሩ በየቤቱ ለጠላ ከሚደረገው ብዙም አይለይም። ገብሱ ሁለት ቀን ያህል ይዘፈዘፋል፣ አራት ወይም አምስት ቀን ይበቅላል፣ ከዚያ በሞቃት አየር ይደርቃል። እናቶች በኮባ ቅጠል የሚሸፍኑትን ፋብሪካው በሰፊ ገንዳ አየር እየነፋ ያበቅለዋል። ከ100 ኪሎ ገብስ የሚገኘው ብቅል 80 ኪሎ ገደማ ነው።

እዚህ ማነቆው የበያጅ ሰዓት አይደለም፤ ገንዳው ነው። ገንዳው አንድ ዙር ለመጨረስ የሚወስደውን ጊዜ ማሳጠር አይቻልም፤ ቡቃያ በትርፍ ሥራ ክፍያ አይፈጥንም። በዚያ ላይ አዲስ የታጨደ ገብስ ወዲያውኑ አይበቅልም፤ ለተወሰኑ ሳምንታት "ይተኛል"። ስለዚህ በኅዳር የገባው ገብስ በኅዳር አይዘፈዘፍም፤ ፋብሪካው እስከዚያ የሚሠራበትን ካለፈው ዓመት ምርት ማትረፍ ይኖርበታል። ለበዓል ገበያ የሚቀርብ ቢራም እንደ ዓይነቱ በመብሰልና በመቆየት ሳምንታት ይወስዳል፤ ለገና የሚጠጣው በኅዳር ጋን ውስጥ መሆን አለበት፤ ብቅሉም ከዚያ ቀድሞ መድረቅ አለበት።

ለገብስ አምራቹ አርሶ አደር ይህ ሁሉ ርቆ የሚታይ ነገር ሊመስል ይችላል፤ በሩ ላይ የሚደርሰው ግን በአንድ ቃል ነው፤ "መጋዘን ሞልቷል።" ፋብሪካው በየሳምንቱ ስንት ገንዳ እንደሚያዘጋጅ አስቀድሞ ካላሰላ የምን ያህል ኩንታል ውል መግባት እንዳለበት አያውቅም፤ የትኛው ቀበሌ በየትኛው ሳምንት ያስረክብ የሚለውንም መወሰን አይችልም። ሁሉም በታኅሣሥ ሁለተኛ ሳምንት ጭኖ ይመጣና መኪናው በር ላይ ያድራል። የቢራ ገብስ ደግሞ ከምግብ ገብስ የተለየ ጥራት ይጠየቅበታል፤ ፕሮቲኑ ከፍ ካለ ወይም እርጥበት ነክቶት ብቅለቱ ከወደቀ ይመለሳል። በር ላይ ዝናብ ወይም ጤዛ ያገኘው ገብስ ጥፋቱ የማን ነው? በ2015 ዓ.ም የጸደቀው የግብርና ምርት ውል አዋጅ በአምራችና በአስመራች መካከል የሚደረገው ስምምነት በጽሑፍ እንዲሆንና ግዴታዎቹ እንዲታወቁ መንገድ ከፍቷል። በውሉ ላይ ኩንታሉና ዋጋው ብቻ ሳይሆን የርክክቡ ሳምንት ሊሰፍር የሚችለው ግን ፋብሪካው ራሱ ሳምንቱን ሲያውቅ ነው።

ወደ መውቂያው ሲመለስ ከሁሉ የከበደው ቋጠሮ ገና አልተፈታም። ፋብሪካው ኩሽኔታ ማዘዝ ያለበት በነሐሴ ነው። ለዚያ እርግጠኛ ትዕዛዝና ቀብድ ይፈልጋል። አርሶ አደሩ ደግሞ በነሐሴ እጁ ባዶ ነው፤ ለማዳበሪያና ለምርጥ ዘር አውጥቷል፤ ጎተራው ጎድሏል፤ የልጆቹ ትምህርት ቤት መክፈቻ ደርሷል። ገንዘብ የሚያገኘው አዝመራውን ከሸጠ በኋላ፣ በጥርና በየካቲት ነው፤ ያኔ ደግሞ መውቂያ አያስፈልገውም። የሻጩ ቀንና የገዢው ቀን በግማሽ ዓመት ተራርቀዋል። ይህን ክፍተት በግምት የሚሸፍን ፋብሪካ ወይ የማይሸጥ ማሽን ያከማቻል ወይ በኅዳር "አልቋል" ይላል።

አምራቾች በሌላው ዓለም የሚጠቀሙበት አንድ መላ አለ። መርሐ ግብሩን በተጠናቀቀው ማሽን ላይ ሳይሆን በጋራው አካል ላይ ማውጣት ነው። የጤፍ፣ የስንዴና የማሽላ መውቂያዎች እግራቸውና መሠረታቸው፣ ሞተር መቀመጫቸው፣ ዘንጋቸውና ኩሽኔታቸው አንድ እንዲሆኑ ተደርገው ከተነደፉ የሚለያዩት በወንፊታቸውና በመውቂያ ከበሮአቸው ብቻ ነው። የየዓይነቱን ፍላጎት ለይቶ መገመት አስቸጋሪ ነው፤ የሦስቱን ድምር መገመት ግን ይቀላል፤ የአንዱ ማነስ በሌላው መብዛት ይካካሳልና። ስለዚህ ወርክሾፑ ክረምቱን ሙሉ የጋራውን አካል እየበየደ ያቆማል፤ ወንፊቱንና ከበሮውን ደግሞ ትዕዛዙ በጥቅምት ሲረጋገጥ ገጥሞ በቀናት ውስጥ ያስረክባል። በያጆቹም ክረምት ሥራ አጥተው በኅዳር በትርፍ ሰዓት ከሚደክሙ ሥራቸው ዓመቱን ሙሉ የተመጣጠነ ይሆናል። ዋጋው ግን አለ፤ የቆመው አካል የታሰረ ገንዘብ ነው፤ ወለድ ይቆጠርበታል፤ መጋዘንም ይፈልጋል።

ከገዢው በኩል ደግሞ ማኅበራትና ዩኒየኖች የአባሎቻቸውን ፍላጎት በሰኔ ሰብስበው አንድ ቁጥር ይዘው ቢቀርቡ፣ ቀብዱም አነስተኛ ቢሆን፣ ለፋብሪካው ከባዶ ግምት እጅግ ይሻላል። ከአንድ አርሶ አደር የሚመጣ "ምናልባት" ለዕቅድ አይሆንም፤ ከአርባ አባላት የተሰበሰበ ዝርዝር ግን ኩሽኔታ ሊታዘዝበት ይችላል። ቀብድ ሲከፈልም ገዢው "መቼ ይደርሳል?" ብሎ "ቶሎ ነው" የሚል መልስ ይዞ መመለስ የለበትም። ማሽኑ በየትኛው ዙር ውስጥ እንደተመዘገበ፣ ዙሩ በየትኛው ሳምንት እንደሚወጣ፣ በዚያ ዙር ከእርሱ በፊት ስንት እንደተሸጠ መጠየቅ ይችላል። መርሐ ግብር ያለው አምራች ይህን በአምስት ደቂቃ ውስጥ ከሰሌዳው አንብቦ ይነግረዋል፤ ሳምንቱንም በደረሰኙ ላይ ይጽፍለታል።